ከሰሜን ባሕር ወደ ጣና፦ የጎጃም የጉዞ ማስታወሻ

ጓደኛዬ ዴንማርክ ተምራ የመጣች ናት። ያጠናችው የባሕር ሥነ ምህዳር ነው። በተለይ ባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ዓሣውን፣ ወፉንና የባሕር አጥቢውን ምን ያደርጉታል የሚለውን። ወደ ከተማችን ሐዋሳ ስትመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ "ታዲያ ባሕር በሌለበት አገር ምን ልትሠሪ ነው?" እሷም መልሷ አጭር ነው፤ "ጣና አለ አይደል?"

እውነቷን ነው። ጣና ላይም መብራት ይመነጫል። ነፋስ አይደለም፣ ውኃ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ሰው ኃይሉን ሲወስድ እዚያው የሚኖረው ፍጡር ምን ይሆናል? ይህንን በዓይኗ ልታይ ስትነሣ እኔም ተከተልኳት። ጊዜው ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ዋጋዎቹን የምታነቡት ያንን እያሰባችሁ ይሁን።

ኅዳር 8፦ ዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ወጣን። አውቶቡሱ እስከ ማርቆስ 240 ብር ነው። እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን አላወራም፣ ተኝቼ ነበር። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሲደረስ ግን የሚተኛ የለም። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ላይ ስንሆን ጋቢ የለበሱ ሰዎች ታች ስንደርስ ሸሚዛቸውን ከፍተው ያራግባሉ። የፍሬኑ ሽታ መስኮት ከፍተንም አልወጣ አለ። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ሙዝ የሚወረውር ይጠብቃሉ። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻገርን። ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፣ አንድ ፈረንጅ ሞክሮ ፖሊስ ተቆጣው።

ዳገቱን ጀምረን ብዙም ሳንሄድ አውቶቡሱ ፈላ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ትልቅ ድንጋይ ጎማ ሥር ወሸቀ። ከዚያ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ውኃ ፍለጋ ሄደ። እኛም ወርደን ጥላ ፈለግን። አጠገባችን የተቀመጡ ነጭ ጥምጣም ያሰሩ አባት ጓደኛዬን ጠየቋት።

"ልጄ፣ ምን ተማርሽ?"

"ባሕር ላይ ስለሚተከል የነፋስ መብራት ነው አባቴ።"

"ባሕር ላይ? መሬት ጠበባቸው እንዴ?"

"አዎ ጠቧቸዋል። ባሕር ላይ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል።"

ከዚያ ተብራራላቸው። የመጀመሪያው የባሕር ላይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 ዴንማርክ ውስጥ ቪንደቢ የሚባል ቦታ ላይ ተተከለ። 11 ተርባይኖች፣ ማለትም ነፋስ የሚያዞራቸው ባለ ክንፍ ማማዎች፣ ነበሩት። በ2017 አርጅቶ ተነቀለ። ዛሬ ከዴንማርክ በስተ ምዕራብ ባለው በሰሜን ባሕር የሚተከሉት ከዚያ ጋር አይተያዩም። ብዙዎቹ የሚቆሙት ባሕሩ ወለል ውስጥ በተቀበረ ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦውን ለመቅበር በግዙፍ መዶሻ ይመታል። ውኃ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ከአየር ይልቅ በጣም ርቆ ይሄዳል።

"እዚያ ፖርፖይዝ የምትባል እንስሳ አለች" አለች። "የዶልፊን ዘመድ ናት፣ ትንሽዬ። ምግቧን የምታገኘው በድምፅ ነው። መዶሻው ሲጀምር እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ጥላ ትሸሻለች።"

"ትመለሳለች?"

"መዶሻው ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ትመለሳለች። አንዳንድ ቦታ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንድ ቦታ ዓመታት ፈጅቶባታል። አሁን አሁን ቱቦው ዙሪያ ከወለሉ የአየር አረፋ እየለቀቁ ድምፁን ያፍኑታል። ጀርመኖች በሕግ የድምፅ ጣሪያ አስቀምጠዋል።"

አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛን ግን ከዚህ ሙቀት የሚያወጣን ጠፋ" አሉ። ረዳቱ ውኃውን ይዞ ሲመጣ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

ደጀን ላይ ጥብስ በላን፣ 110 ብር። ሥጋው ጥሩ ነው፣ እንጀራው ግን ከሁሉ ይበልጣል። የጎጃም ጤፍ ሐዋሳ ስንበላው "የጎጃም ነው" ብለው ጨምረው ነው የሚሸጡልን። እዚህ ማንም ስሙን አይጠራም። ማርቆስ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ድሮ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ቀዝቃዛና ንጹሕ ናት። አልጋ 250 ብር። ሙቅ ውኃ "ጠዋት ብቻ" ነበር፤ ጠዋትም አልመጣም።

ኅዳር 9፦ እንጅባራ

በሚኒባስ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አለፍን። ማሳው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ከቡሬ በኋላ መልክዓ ምድሩ ይቀየራል፤ ብርዱ ይመጣል፣ ቀርከሃው ይበዛል። ግራና ቀኝ ቀጭን ረጃጅም ዛፍ ማሳውን ሞልቶታል። ገበሬው "ዲከረንስ" ይለዋል። ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ነው። በጥቂት ዓመት ያድጋል፣ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። የአዲስ አበባ ቡና የሚፈላው በዚህ ነው። ጓደኛዬ ይህንን አይታ ዝም ማለት አልቻለችም። "መብራት ሲጠፋ የሚቃጠለው ይህ ነው። ግድብ የሚጠላ ሰው እዚህ መጥቶ ይይ" አለች። የነፋስም የውኃም ማመንጫ ጠላት አይደለችም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደፊት ያስፈልጋል።

እንጅባራ ላይ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን። 15 ብር፣ ሁለት ሰው ያጠግባል። ዘንገናን አየን። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያው ደን፣ ጉሬዛ አለበት። ቆንጆ ነው። ግን ስለ ዘንገና ሌላው ሰው ብዙ ብሏልና እኔ አልጨምርም።

ኅዳር 10፦ ዱርቤቴና የመብራቱ ምሰሶ

ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ዳንግላ ላይ ሽሮ በላን፣ ዱርቤቴ ላይም ሽሮ በላን። ዱርቤቴ ላይ አስፋልቱን ትተን ወደ ቁንዝላ የሚወስደውን ፒስታ ያዝን። አቧራው ሌላ ነገር ነው። አይሱዙው ከኋላው ምን እንዳለ አይታይም። እኛ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ጾመኛ ዶሮዎችም ነበሩ፤ ባለቤታቸው "ለኅዳር ሚካኤል ናቸው" አለች።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ በሞተር ሳይክል ወደ ዱርቤቴ ላከ። እኛ ቆመን የምናየው ከፍተኛ ቮልት የተሸከሙትን የብረት ምሰሶዎች ነው፤ ማሳውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ጓደኛዬ ቦርሳዋን ለኔ ሰጥታ ሽቦው ሥር መሄድ ጀመረች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። እየተጠማዘዘች፣ እየቆመች፣ ሣሩን በእግሯ እየገለጠች። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከኋላዋ ተሰለፉ።

"ምን ጠፋሽ እታለም?"

"የሞተ ወፍ ነው የምፈልገው።"

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ በጣም ትንሹ "ለምን? በሕይወት ያለ አለልሽ አይደል?" አላት።

ነገሩ ይህ ነው። ትልልቅ ወፎች፣ በተለይ እግራቸው ረጅም የሆኑት፣ ሽቦውን ሳያዩ ይጋጩታል። ተርባይንም ላይ እንዲሁ። ስንት እንደሞተ ለማወቅ ሰው ሥሩ እየዞረ ሬሳ ይቆጥራል። ግን ጅብና ቀበሮ ቀድመው ይበሉታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሆን ብለው የሞተ ወፍ ያስቀምጣሉ፤ በስንት ቀን እንደሚጠፋ ያያሉ። ለፈላጊው ሳይነገረው ደብቀው አስቀምጠው ስንቱን እንደሚያገኝም ይፈትኑታል። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩን አስተካክለው የሚናገሩት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሥራውን ወደዱት። ባንድ ጊዜ ተበተኑና ላባ፣ የፍየል አጥንት፣ የተበጠሰ ጫማ አመጡላት። ላባው ያሞራ ነበር። የወደቀ ይሁን የተጋጨ አይታወቅም። ማስታወሻዋ ላይ "ያልታወቀ" ብላ ጻፈች።

"ባሕር ላይ ግን ይህ የለም" አለችኝ ስንመለስ። "ወፉ ሲመታ ይወድቃል፣ ማዕበሉ ይወስደዋል። የሚቆጠር ሬሳ የለም። ለዚህ ነው ራዳርና ካሜራ የሚተከለው።"

ኖርዌይ ውስጥ ስሞላ በምትባል ደሴት መሬት ላይ ስለተደረገ ሙከራም ነገረችኝ። ከሦስቱ የተርባይን ክንፎች አንዱን ብቻ ጥቁር ቀለም ቀቡት፣ ወፎቹ መዞሩን እንዲያዩት። ውጤቱ እኛ ከተመለስን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ የወፎቹ ሞት 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሙከራው የተደረገው በጥቂት ተርባይኖች ላይ ነውና ጓደኛዬ "ገና ነው" ትላለች። እኔ ግን አንድ ባልዲ ቀለም ይህን ያህል ከሠራ በቂዬ ነው።

ጎማው መጣ። ቁንዝላ የገባነው ጨልሞ ነው። አልጋው 120 ብር። በሩ የሚዘጋው በወንበር ተደግፎ ነው።

ኅዳር 11፦ ቁንዝላ

ጠዋት ተነሥተን ሐይቁን አየነው። ሐዋሳ ላይ ቆመህ ማዶውን ታያለህ። ጣና ላይ ማዶ የለም። ሰፊ ነው እንጂ ግን ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው።

ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲመለሱ ደረስን። የደንገል ታንኳም የእንጨት ጀልባም አለ። መረቡን ዘርግተው ዓሣውን አንድ በአንድ ያላቅቃሉ። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶን እኛም አገር እናውቀዋለን። ነጭ ዓሣን ነው ጓደኛዬ የያዘችው። አንዱን አንሥታ አፉን ከፍታ አሳየችኝ። ከንፈሩ ወፍራም፣ ወደ ታች የዞረ ነው። ሌላውን አነሣች፤ አፉ ሰፊ፣ ወደ ላይ የዞረ፣ አካሉ እንደ ጦር ቀጥ ያለ። "ይህኛው ዓሣ በሊታ ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ ግን የለውም" አለች። ጣቴን አስገባሁ። እውነትም የለውም፣ ለስላሳ ነው። አስጋሪው ሳቀብኝ።

ለኔ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው። በሳይንሱ ግን ጣና ውስጥ ከ15 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግደው እዚሁ ሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን ተለያይተው የኖሩ ናቸው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ውስጥም ነበር። ያ ጠፍቷል። የቀረው የጣናው ነው።

አብዛኞቹ በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው ጠጠር ላይ ይወልዳሉ። ግልገል ዓባይ አንዱ ነው። ለመውጣት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በኔዘርላንዶች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። ታንኳ የማይደርስበት ሁሉ ተደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ ዓሣው በ75 በመቶ ቀነሰ። ጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ። ይህን ማወቅ የተቻለው ቀድሞ የቆጠረ ስለነበረ ነው።

ጓደኛዬ በዚህ ጉዳይ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ዴንማርኮች ሆርንስ ሬቭና ኒስቴድ ላይ ትልልቆቹን የባሕር ማመንጫዎች ሲሠሩ ተርባይኑ ከመቆሙ በፊት ቆጠራ ጀምረዋል። ሲገነባም ቆጠሩ፣ ከተገነባ በኋላም ቆጠሩ። ማመንጫ የሌለበት ሌላ ቦታም ጎን ለጎን ቆጠሩ። አለዚያ ዓሣው ቢቀንስ ተርባይኑ ነው፣ መረቡ ነው፣ ወይስ ክረምቱ ነው አይለይም። እኔም ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ጭቅጭቅ ይህ ነው። እኛ አገር ጥናት የሚባለው ሪባን ሲቆረጥ ነው የሚታወሰው።

ለምን ቁንዝላ አላችሁ? የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን ከሐይቁ የሚጠባው እዚሁ አቅራቢያ ስለሆነ ነው። ውኃው 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተራራውን ሰርስሮ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል። ግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ ላይ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ከዚያ ጋር አስተያዩት። መግቢያውን ለማየት ሄድን። ጥበቃው "ደብዳቤ አላችሁ?" አለን። ደብዳቤ ነበረን፤ ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው አለን። ማኅተሙን አገላብጦ አየው፣ ለጓደኛው አሳየው፣ ስልክ ደወለ። ስልኩ አልተነሣም። ሻይ ጋብዞን መለሰን። ሻዩ ጥሩ ነበር።

ማታ እትዬ ቤት ዓሣ ጥብስ በላን። ሙሉ ዓሣ፣ ተተልትሎ፣ ደርቆ የተጠበሰ፣ ከዳጣ ጋር፣ 60 ብር። ሐዋሳ ይህ ያኔ 100 ብር ነበር። እትዬ የዳጉሳ ጠላም ጨመሩልን። ከፊታችን ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል። "እንግዲህ ዓሣም አበቃ" አሉ። ሐዋሳ ብዙ ሰው በጾም ዓሣ ይበላል ስላቸው መሶቡን መክደን ትተው አዩኝ። "ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው የኔ ልጅ። እናንተ ለምዳችሁት ነው።" አልተከራከርኩም፣ አፌ ውስጥ ዓሣቸው ነበር።

ኅዳር 12፦ መርከቡ

ከጎርጎራ የመጣው መርከብ ቁንዝላ አድሮ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። "12 ሰዓት ተኩል ተገኙ" ተባልን። ተገኘን። መርከቡ የተነሣው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምክንያቱን የነገረን የለም። እህል፣ ፍየል፣ ፍራሽ፣ አንድ ሙሉ ቁም ሳጥን ሲጫን አየን። ዋጋው 130 ብር።

ታኅሣሥ ሳይገባ ጣና ሙሉ ነው። አንድ የመርከቡ ሠራተኛ በ1995 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሳል። ዝናቡ አንሶ፣ ባሕር ዳር ጨረጨራ ላይ በተሠራው ማገጃ በኩልም ለጢስ ዓባይ መብራት ብዙ ውኃ ተለቅቆ ሐይቁ ወረደ። መርከብ ለወራት ቆመ። "ጭቃው ላይ እንደ ሰንጋ ተኝተው ነበር" አለን መርከቦቹን። ሐይቁ የሸሸበት ዳርቻ ላይ ሰው ጤፍ ዘራ። ደንገሉ ደረቀ። የዓሣ ጫጩት የሚደበቀው ደንገሉ ሥር ነው።

ጓደኛዬ የሰሜን ባሕርን ተቃራኒ ታሪክ ያወጣችው እዚህ ላይ ነው። የተርባይኑ እግር ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ በዛጎል ይሸፈናል። ድንጋይ ባልነበረበት አሸዋ ላይ ድንጋይ እንደ መትከል ነው። ሸርጣን ይመጣል፣ ዓሣ ይመጣል። ሲል የሚባል የባሕር አጥቢ አለ፤ ጀርባው ላይ መከታተያ ተለጥፎበት ሲታይ ከአንዱ ተርባይን ወደ ሌላው ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ገበታ ካርታው ላይ ሲሣል አራት ማዕዘን መረብ ይሆናል። እያንዳንዱ እግር ሥር ምግብ እንዳለ አውቋል። በሌላ በኩል ደግሞ ጉሮሮው ቀይ የሆነ ዳይቨር የሚባል ወፍ ተርባይኖቹን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሸሻል። አይጋጭም፣ አይሞትም። ግን ዓሣ የሚያጠምድበትን ባሕር አጣ።

"ታዲያ ጥሩ ነው መጥፎ?" አልኳት።

"ለማን?" አለችና ወደ ፍየሎቹ ዞረች። አንዷ ሻርፗን እያኘከች ነበር።

ባሕር ዳር ስንደርስ ከተማዋ ጭስ ለብሳለች። ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል።

ኅዳር 13 እና 14፦ ባሕር ዳር፣ ዘጌ

ባሕር ዳር እንደ ሐዋሳ ናት፣ ዘንባባዋም ባጃጇም። ዓሣው የሚወርድበት ቦታ ግን ይለያል። ሐዋሳ አሞራ ገደል አባ ኮዳው ከሰው ጋር ተጋፍቶ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፣ ቱሪስት ይከፍላል፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይበላል። እዚህ ሥራ ነው። ዓሣው ይመዘናል፣ በረዶ ይደረግበታል፣ ይጫናል። ነጋዴው ጾም ሊገባ ነውና የአዲስ አበባ ጥያቄ እንደጨመረ ነገረን። እትዬ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ከሰዓት ወይጦዎቹ ታንኳ ሲሠሩ አየን። ደንገሉን በገመድ ጠፍረው በጉልበታቸው ይጫኑታል። የሚሠራው ሰው ደንገል ለማግኘት ድሮ ከነበረው በጣም ርቀው እንደሚሄዱ ነገረን። እምቦጭስ አልነው። "እሱ ወዲያ ማዶ ነው የበረታው፣ ነፋሱ ሲያመጣው ግን እኛም ጋ ይደርሳል" አለ። እምቦጩ ጣና ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ዘጌ በጀልባ ሄድን። ጀልባውን ከሌሎች ጋር ተጋርተን 150 ብር በነፍስ ወከፍ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ሥዕሎቹ ይታወቃሉ። እኔን የገረመኝ ደኑ ነው። አቡነ በትረ ማርያም እዚህ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አዝዘዋል ይባላል። ሰዉም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይዞ ደኑን አቆየው። ጓደኛዬ "የመጀመሪያው ጥብቅ ቦታ" አለች። መሪያችን ቡና 1 ኪሎ 140 ብር ሸጠልን።

ኅዳር 15፦ ጢስ ዓባይ

መንገዱ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ኮረኮንች። ጥንታዊውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። አሁን ውኃ አለ። ጭሱም አለ፣ ፊታችንን አረጠበው። ግን የ1 ብር ኖቱ ላይ የነበረውን ፏፏቴ የሚያስታውስ ሰው ቅር ይለዋል። ድንጋዩ ግማሹ ደረቅ ነው።

የመጀመሪያው ጣቢያ የተሠራው በ1956 ዓ.ም. ነው፣ ትንሽ ነው፣ 11.4 ሜጋ ዋት። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሆነው ሁለተኛው ሲጨመር ውኃው ፏፏቴውን ትቶ በቦዩ መሄድ ጀመረ። ቀጥሎ ጣና በለስ ሲመጣ ደግሞ ውኃው ገና ከሐይቁ ሳይወጣ በሌላ በኩል ሄደ። አስጎብኚያችን የመንደሩ ልጅ ነው። "ፏፏቴው ሲደርቅ ቱሪስቱ ቀረ። መብራቱ ግን እዚህ መንደር የገባው ቆይቶ ነው" አለን። ማንንም ሲከስ አልነበረም፣ የሆነውን ነው የነገረን። 100 ብር ሰጠነው። ሽሮ በላን፣ ጾም ገብቷል።

ኅዳር 16፦ ጭምባ

ይህን ቀን ለወፎቹ ነበር ያስቀመጥነው። ጭምባ ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ፣ ግልገል ዓባይ ጣና ከሚገባበት አጠገብ ያለ ረግረግ ነው። ሞተር ሳይክል ተከራይተን ሌሊት ተነሣን፣ ሁለት ሞተር በ800 ብር። የኔ ሾፌር ጉድጓድ ሁሉ የሚያውቀው ይመስል አንዱንም አላለፈም።

ሲነጋ ድምፃቸው ቀድሞ መጣ። እንደ ጥሩምባ የሚንኮራኮር ድምፅ ነው። ከዚያ ግራጫ ሆነው፣ አንገትና እግራቸውን ዘርግተው፣ በረድፍ በረድፍ ከሐይቁ ወደ ማሳው በረሩ። ክሬን የሚባሉት ናቸው። የአገራቸውን የብርድ ወቅት ሸሽተው ከሩሲያና ከባልቲክ አገሮች በኩል ይመጣሉ። ከኢስቶኒያ መከታተያ ተደርጎላቸው ኢትዮጵያ የተገኙ አሉ።

ጓደኛዬ መነጽሯን ይዛ ትቆጥራለች። አንድ በአንድ አይቆጠርም። ዓይን መጀመሪያ አሥሩን ይይዛል፣ አሥሩ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይለካል፣ ከዚያ በመቶ በመቶ ይሄዳል። በሰሜን ባሕር ከአውሮፕላን ላይ እንዲህ ነው ወፍ የምትቆጥረው። በባልቲክ ስላለው ኒስቴድ ነገረችኝ። በራዳር ሲታዩ የባሕር ዳክዬዎቹ ማመንጫውን ከሩቅ ያውቁታል፣ ዞረው ያልፋሉ። ለመጋጨት የሚቀርበው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። "ክሬን ግን ዳክዬ አይደለም። ጭጋግ ሲሆን ዝቅ ብሎ ይበራል። ባልቲክን ሲሻገሩ ስንቱን ተርባይን እንደሚያልፉ እዚያ ይጠናል። እዚህ ደርሰው ስንት እንደሆኑ ደግሞ እዚህ መቆጠር አለበት። ግማሹን ብቻ ቆጥረህ ሒሳብ አይዘጋም።"

አንድ ገበሬ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። ሽምብራ ዘርተዋል። ወፎቹ እያዩ ይለቅሙታል። ልጃቸው ወንጭፍ ይዞ ቆሟል።

"እንደምን አደራችሁ። ከመንግሥት ናችሁ?"

"አይደለንም አያ። ወፍ ልንቆጥር ነው።"

"ቁጠሩልኛ፣ ከዚያ ካሳዬን ንገሩልኝ።" ሳቁ፣ ግን እየቀለዱ ብቻ አልነበረም።

ጓደኛዬ የዘንድሮው ካምናው ይበዛል ወይ አለቻቸው። አሰቡ። አምና ብዙ ነበሩ፣ ካቻምና አነሱ፣ ያ ድርቁ ዓመት ደግሞ እንዲያውም ቀድመው መጡ። መቼ እንደመጡና መቼ እንደሄዱ በበዓል በበዓል ይነግሯታል። "ለሚካኤል ይገባሉ፣ ለዐቢይ ጾም ይወጣሉ።" እሷ እየጻፈች ነው። ሁለት ገጽ ሞላች። ከመነጽሩ ይልቅ እሳቸውን ነው ስታደምጥ ያረፈደችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤታቸው ወሰዱን። ቆሎና ጠላ። ከዚያ ሞተረኞቹ "ነዳጅ አለቀ" አሉ፤ ከጎረቤት በላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ገዛን፣ ሊትሩ በ35 ብር። በማግስቱ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ዓባይ በረሃን ስንሻገር አውቶቡሱ አልፈላም። ጓደኛዬ በየካቲት ወፎቹ ሳይወጡ ልትመለስ ለገበሬው ቃል ገብታለች፣ የልጁንም ስልክ ይዛለች።